ባለ ዳማ፣ አንተ ቆይ!

አባባ ጅብ አይፈሩም፤ ገደል አይፈሩም፤ መርፌ እንኳ አይፈሩም። የሚፈሩት ሐሜትን ብቻ ነው። ከላሊበላ ተራራው ላይ ወዳለችው ወደ አሸተን ማርያም ቤተ ክርስቲያን በሚያወጣው መንገድ ሥር በቅሎ የሚያከራዩ ሰዎች እንግዳ የሚጠብቁበት ሜዳ አለ። አባባ፣ እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ፣ የዚያ ሜዳ ተራ አስከባሪ ነበሩ። እንግዳ ሲመጣ ዘንጋቸውን ከፍ ያደርጉና «ባለ ቦራ፣ ቅረብ!» ይላሉ፤ ባለ ቦራው በቅሎውን ይዞ ይቀርባል፤ አለቀ። ማንም አይከራከርም። እዚያ ሜዳ ላይ ሰው የሚጠራው በስሙ ሳይሆን በበቅሎው መልክ ነው። ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት በቅሎ ያለው ባለ ቦራ፣ ጥቁር በቅሎ ያለው ባለ ጉራቻ ይባላል። የኛዋ በቅሎ ቀላ ያለች ዳማ ናት፤ ስለዚህ እኛ ባለ ዳማ ነን።

የተራ አስከባሪው በቅሎ ግን ሁልጊዜ የዙሩ መጨረሻ ላይ ነው የምትወጣው። ሁሉም ደርሶት ሲያበቃ፣ እንግዳ ከተረፈ፣ ያኔ ዳማ ትጠራለች። ይህን ደንብ ማን እንዳወጣው አላውቅም፤ አባባ ሲናገሩት ከሰማችሁ ግን ከቤተ ክርስቲያኖቹ ጋር አብሮ ከአለት የተፈለፈለ ይመስላችኋል። እንግዳ በጠፋበት ወቅት ዳማ ሳር እየነጨች ትከርማለች፤ እማማ ያጉረመርማሉ፤ አባባ ደግሞ «ስሜ አይነሳም» ይላሉ። በኛ ቤት ክርክር ሁሉ የሚያልቀው በዚህች ቃል ነው።

ጉልበታቸው እምቢ ሲላቸው፣ ዘንጉን ለሌላ ለማስረከብ ወሰኑ። ማኅበሩ ከፋሲካ በኋላ ዓመታዊ ስብሰባ አለው፤ እዚያ ላይ ሊያስረክቡ ነው። «ሌላ ምንም አልፈልግ። ያለ ሐሜት አስረክቤ ቤቴ ልቀመጥ» አሉ። ችግሩ እስከዚያ ያለው ጊዜ ነበር፤ ቁልቁለቱን ወርደው ሜዳው ላይ መዋል አልቻሉም። እንግዲህ ማንም ሳይጠራኝ የገባሁት እዚህ ላይ ነው።

እኔ አዲስ አበባ ላለ አንድ ድርጅት ከቤት ሆኜ የምሠራ ሰው ነኝ። ሥራዬ የዌብ አፕሊኬሽኖችን ዲፕሎይ ማድረግ ነው። ፕሮግራሙን ከሚያስፈልገው ነገር ሁሉ ጋር አንድ ላይ አሽገዋለሁ፤ የታሸገው ነገር ኮንቴይነር ይባላል። ከዚያ ሰርቨር ለሚያከራይ ኩባንያ በኢንተርኔት እልከዋለሁ፤ እነሱ ማሽናቸው ላይ ያስነሱታል፤ ሰው ሁሉ ካለበት ሆኖ በስልኩ ይከፍተዋል። ኮንቴይነር ስል የሰሙ ዘመዶቻችን አዲስ አበባ ውስጥ የቆርቆሮ ሱቅ የከፈትኩ መስሏቸው፣ ሲሚንቶ ትሸጪያለሽ ወይ ብለው ደውለውልኛል። አባባ ግን ቶሎ ነው የገባቸው።

«የመንገደኛ ስንቅ ነዋ» አሉ። «በርበሬውም ጨውም አብሮ ይታሰራል፤ የደረሱበት ቤት እሳት ብቻ መለመን ነው።»

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት «ስንቁን ላክሽ?» ይሉኛል።

ለሜዳው ተራ የሚጠራ አፕ ሠራሁ። አሮጌ ስልኬን ከመጠለያው ምሰሶ ላይ ሰቅዬ ትንሽ ድምፅ ማጉያ ገጠምኩለት። እንግዳ ሲመጣ በቅርብ ያለ ሰው «እንግዳ መጣ» የሚለውን ይነካል፤ አፑ ተረኛውን ይጠራል። «ለቅሶ» የሚል ቁልፍም ጨመርኩበት፤ ለቅሶ የሄደ ሰው ተራው ይጠበቅለታል፣ ይህም የሜዳው ደንብ ነው። ቁልፉ በወጣ ሰሞን ባለ ቡላው ሰነፍ ሰውዬ ዘመዶቹን ሁሉ ጨረሳቸው። አማቱን አልቅሶ ሲያበቃ አማቱ ራሳቸው በመንገድ ሲያልፉ አየናቸውና፣ ቁልፉን ከሁለት ሰው ምስክር በቀር እንዳይነካ ተወሰነ።

ለሙከራ መጀመሪያ ያስገባኋት በቅሎ የኛ ዳማ ነበረች። አባባ ሲያዩት ተቆጡ። «ዳማ ከፊት? አስኪጂያት ወዲያ!» አሉኝ። እኔም አፑን ካስነሳሁት በኋላ ስልኩ ላይ ገብቼ ዳማን ወደ መጨረሻ ወሰድኳት። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ጉድ ያፈላችው እሷ ናት።

የቀረው የጥሪው ድምፅ ነበር። ስልኩ ውስጥ ያለችውን ሴትዮ ሳሰማቸው ባለ በቅሎዎቹ ሳቁ። «ይቺ አፏን ያልፈታች ልጅ ናት። እኛ የምናውቀው የአያን ድምፅ ነው» አሉ። አያ የሚሉት አባባን ነው። ስለዚህ አባባን መቅረጽ ነበረብኝ። ቤት ውስጥ አስቀምጬ ስልኩን አፋቸው ላይ ብደቅን እንደ ኑዛዜ አንሾካሾኩ። «ጥሪ እኮ ሜዳ ይፈልጋል» ብለው ወጡ። አጥራችን ጫፍ ላይ ቆመው ዘንጋቸውን አነሡና ለቀቁት፦ «ባለ ጉራቻ፣ ቅረብ!» ስልኩን ሳላጠፋ ባለ ጉራቻው ከታችኛው ሰፈር ኮርቻ ተሸክሞ እያለከለከ ደረሰ።

«እንግዳው የታለ?»

«እንግዳ የለም፣ ቀረጻ ነው» አሉት አባባ።

«ቀረጻው ስንት ሰው ነው?» አለ።

በዚያ ቀን የሁሉንም ጥሪ ቀርጸን እስክንጨርስ ሰፈሩ ሲሮጥና ሲራገም ዋለ።

ለገና ከተማው በሰው ሞላ። አፑ ከጠዋት እስከ ማታ ሳያርፍ ጠራ፤ አንድም ጭቅጭቅ አልተነሣም። ዳማን ይዞ ሜዳ የሚውለው የአጎቴ ልጅ ነው፤ እሱ በስልክ ደውሎ ድምፃቸውን ሲያሰማቸው አባባ ጥቂት አዳመጡና «ጎበዝ ነኝ ለካ» ብለው ሳቁ። እኔም እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም። ለድርጅቱ ስንት ነገር ዲፕሎይ አድርጌያለሁ፤ አባቴ ሲስቁልኝ ግን የመጀመሪያዬ ነበር።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ፤ እንግዳውም ጠፋ። እንደ ድሮው ቢሆን በጾምም ሰው አይጠፋም ነበር፤ አሁን ግን አንድ እንግዳ የሚታይበት ቀን ጥሩ ቀን ነው። እኔ ለድርጅቱ ሥራ ተወጥሬ ሜዳውን ረሳሁት። ጆሮዬ የገባ ነገር ቢኖር በቅሎውን ወደ ጠበል የሚነዳ ሰው መብዛቱ ብቻ ነው፤ እሱንም እከክ ገብቶ ነው ብዬ አለፍኩት።

አባባ ግን አንድ ነገር አላማራቸውም። የአጎቴ ልጅ ዳማን ወደ ግቢ ሲያስገባ ጎኗን ዳሰስ አደረጉ።

«ይቺ በቅሎ ምን ነክቷት ነው እንዲህ የከሳችው?»

«ሁዳዴ አይደል፣ አጎቴ» አለ እሱ፣ ዓይኑን ወዲያ አድርጎ።

«በቅሎ ከመቼ ወዲህ ነው ፍስክ የምትበላው?» አሉት። እሱ ጎንበስ ብሎ ኮርቻዋን መፍታት ያዘ።

ፋሲካ አለፈና ስብሰባው ደረሰ። ከሜዳው ዳር ካለው ትልቅ ወይራ ሥር ሁሉም ተቀመጠ፤ ጠላ ቀረበ። አባባን በኛው ዳማ ላይ አስቀምጠን ነው ያወረድናቸው። ነጭ ለብሰው፣ ዘንጉን ቅቤ አስቀብተው፣ እንደ ሙሽራ ነበር የመጡት። የስንብት ንግግራቸውን ሲለማመዱ ሳምንቱን ሙሉ ሰምቼዋለሁ፤ «ስሜን ያነሣ ካለ ዛሬ ይናገር» ይላል፣ ማንም እንደማይናገር ተማምኖ። ተነሥተው ልክ እዚህ ቦታ ላይ ሲደርሱ ባለ ቦራው ጉሮሮውን ጠራረገ።

ባለ ቦራው ምላሱ የማያርፍ ሰው ነው፤ አባባን ግን እንደ አባቱ ያከብራል። ቆቡን አወለቀ።

«አያ፣ አይቆጡኝና፣ ሰው ሁሉ ይፈራዎታል፤ እኔ ግን በሆዴ ቂም ይዤ እጅዎን መሳም አልችልም። ሁዳዴ ሙሉ ከእርስዎ ዳማ በቀር ያን ተራራ የወጣ በቅሎ የለም።»

ከወደ ኋላ አንዱ «ጠበሉ ነው እንጂ! ዳማ ጠበል ገብታ ነው የቀናት!» ብሎ ጮኸ። «የኔስ ሦስት ጊዜ ገብታ የለም እንዴ፣ ጉንፋን ነው ያተረፈችው!» አለ ሌላው። ያን ጊዜ ነው የጠበሉ ጉዞ የገባኝ። ግማሹ ሜዳ ዳማን ተባርካለች ብሎ በቅሎውን ሲያስጠምቅ፣ ግማሹ አባቴን በሆዱ ሲያማ ከርሟል።

አባባ የአጎቴን ልጅ አዩት። እሱም «እርስዎ በስውር ያዘዙ መስሎኝ ነው፤ ኪራዩም እንዳለ ተቀምጧል» አለ።

«ማን ነው የጠራት?» አሉ አባባ።

«ስልኩ ነዋ፣ አያ» አለ ባለ ቦራው።

«በማን አፍ?»

ባለ ቦራው መሬት መሬቱን አየ። «በእርስዎ አፍ።»

አባባ ቁጭ አሉ። ሲቀመጡ ጉልበታቸው ያመማቸው እንዲመስል አድርገው ነው፤ እኔ ግን አባቴን አውቃቸዋለሁ። እንዲያ ሲሆኑ ያየኋቸው አያቴ የሞቱ ቀን ብቻ ነው። ላፕቶፔን ከቦርሳዬ አውጥቼ ኔትወርክ የሚይዝበት ድንጋይ ላይ ወጣሁ፤ ሰው ሁሉ አንጋጦ ያየኛል፣ ልሰብክ የወጣሁ ይመስል። የአፑን የሥራ መዝገብ ስከፍት ጉዱ ታየኝ። ጠዋት ጠዋት «ተነሥቷል፣ ተነሥቷል፣ ተነሥቷል» ይላል።

ነገሩ ይህ ነው። የመረጥኩት ነፃ ኪራይ ነበር። በነፃ ኪራይ አፑን ከአንድ ሌሊት አልፎ ማንም ካልከፈተው ኩባንያው ኮንቴይነሩን ያጠፋዋል፤ ሰው ሲመጣ ያንኑ አይቀሰቅስም፣ እኔ ከላክሁት ስንቅ አዲስ ፈትቶ ያስነሣል። በገና ሰው ስለበዛ አፑ እንቅልፍ አላየም። በሁዳዴ ግን ሜዳው ጭር ሲል ይጠፋል፤ በማግስቱ የቀኑ አንድ እንግዳ ሲመጣ አዲሱ ይነሣል። አዲሱ ደግሞ ትናንት ማን እንደሄደ አያውቅም። ዳማን ወደ ኋላ መውሰዴንም አያውቅም። የሚያውቀው እኔ ለሙከራ ፊት ላይ ያስቀመጥኳትን ዳማን ነው። እንግዳው ባነሰ ቁጥር ዳማ ትሮጣለች፤ ይህን ያህል ጨካኝ ነገር ሆን ብዬ ባስብበት እንኳ አልሠራውም ነበር።

ከድንጋዩ ላይ ሆኜ ይህንኑ ነገርኳቸው። «ሲነሣ ሁሉን ይረሳል» አልኩ።

«ድምፃቸውን አልረሳም እኮ» አለ ባለ ጉራቻው።

«ድምፃቸው ስንቁ ውስጥ አብሮ ታስሯል። ተራው ግን ከተፈታ በኋላ የተጻፈ ነው፤ ኮንቴይነሩ ሲጣል አብሮ ይጣላል። አሁን ተራውን ከኮንቴይነሩ ውጭ፣ ዳታቤዝ በሚባል የማይጠፋ መዝገብ ላይ አስቀምጠዋለሁ።» ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ አንዳንዱ ራሱን ነቀነቀ። ባለ ቦራው ፊቱ ቀልቶ «እንግዲያስ አያ ምንም የሉበትም» ብሎ እጃቸውን ለመሳም ጎንበስ አለ።

አባባ እጃቸውን አልሰጡትም። «ማሽንሽን ጠግኚው፣ ደግ ነው» አሉኝ። «ስሜ ግን በማሽን አይጠገንም። ሐሜት የነካውን ዘንግ አላስረክብም። ዙሩ ካንዱ ጀምሮ ይዙር፤ ሁሉም ይድረሰው፤ ዳማ በእውነት ተራዋ የደረሰ ቀን ያኔ አስረክባለሁ። ያንን ስልክ ወዲህ አምጪው።»

አመጣሁላቸው። እዚያው ሰው ሁሉ ፊት ዘንጋቸውን ይዘው ተነሡ፤ የድሮውን የዳማ ጥሪ አጥፍቼ በቦታው አዲስ እንድቀርጽ አዘዙኝ። ከዚያ ያን ድምፃቸውን አወጡት፦

«ባለ ዳማ፣ አንተ ቆይ!»

«ከዛሬ ጀምሮ ቢረሳም ባይረሳም ይሄን ይበል» አሉና ዳማ ላይ ወጥተው ወደ ቤት ሄዱ። ጠላቸውን አልነኩትም።

ዳታቤዙን አዘጋጅቼ አዲሱን ኮንቴይነር እስክልክ ድረስ ሁለት ቀን ፈጀብኝ፤ ግማሹ ሲሄድ መብራት ይጠፋል፣ መብራት ሲመጣ ኔትወርክ ይሄዳል። አባባ አጠገቤ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። «አሮጌው ምን ይሆናል?» አሉኝ።

«አዲሱ ሲነሣ ኩባንያው ደህና መሆኑን ይጠይቀዋል። ደህና ነኝ ብሎ መልስ ከሰጠ አሮጌው ይጠፋል።»

«መልስ ባይሰጥስ?»

«አሮጌው ባለበት ይቆያል።»

«ይሄስ ደግ ሥርዓት ነው» አሉ፤ ጉልበታቸውን እያሹ። «ምትኩ ሳይቆም ሽማግሌውን አይጥሉትም።» እኔም ዓይኔ እንዳይታይ ስክሪኑን ሳይ ቆየሁ።

ዙሩ እንደ ቀንድ አውጣ ነበር የሚሄደው። እንግዳ የለማ! አባባ በየቀኑ «ዛሬ ማን ወጣ?» ይላሉ። ባለ ጉራቻው ወጣ፤ ባለ ሐመሩ ወጣ፤ ከገነተ ማርያም መንደር የሚመጣው ሰውዬ በቅሎ አነከሰችና ተራው ተዘለለ፤ ባለ ቡላው በእውነተኛ ለቅሶ ቀርቶ ማንም ስላላመነው ምስክሮቹን ይዞ መጣ። እማማ «አንድ እንግዳ እንኳ ላኪልን» እያሉ ለአሸተን ማርያም ተሳሉ። ዳማ ወፈረች። ሰማዩ ለክረምት ማጉረምረም ሲጀምር ተራው ባለ ቦራው ላይ ደረሰ፤ ከእሱ ቀጥሎ የቀረችው ዳማ ብቻ ናት። ባለ ቦራው እንግዳውን አድርሶ በተመለሰ በማግስቱ አባባ ነጭ ልብሳቸውን አስወጡ።

ሜዳው ላይ ያልመጣ ሰው አልነበረም፤ በቅሎ የሌላቸው እንኳ መጥተዋል። ስንጠብቅ ስንጠብቅ ከደሴ የመጡ አንዲት ወፍራም አስተማሪ ዣንጥላ ይዘው ብቅ አሉ። ሰው ሁሉ እንደ ጳጳስ ሲቀበላቸው ደነገጡ። ባለ ጉራቻው «እንግዳ መጣ» የሚለውን ነካ። ስልኩ ላይ ዳማ የሚል ተጻፈ። የአጎቴ ልጅ ልጓሙን ይዞ ወደ ፊት አንድ እርምጃ ሄደ።

ማጉያው በአባባ ድምፅ ጮኸ፦ «ባለ ዳማ፣ አንተ ቆይ!»

የአጎቴ ልጅ ባለበት ተገተረ። እኔ ራሴን ያዝኩ። የዳማ ጥሪ ያ ብቻ መሆኑን እኔም አባባም፣ ማንም ሰው አላሰበውም ነበር። አሁን ተራዋ በእውነት ደርሶም ድምፁ ቆይ ይላታል። አባባ ዘንጋቸውን ከፍ አደረጉ፤ አፋቸውንም ከፈቱ። ከዚያ መልሰው ዘጉት። የገዛ በቅሎዬን በገዛ አፌ ልጥራ? ይህን ማድረግ እንደማይችሉ ፊታቸው ላይ አየሁት። ዘንጉ አየር ላይ እንዳለ ቀረ።

አስተማሪዋ «እኔስ፣ ልሂድ ወይስ ልቆይ?» አሉ።

«ባለ ዳማ፣ ቅረብ!»

የጠራው ባለ ቦራው ነበር። ድምፁ ቀጭን ነው፣ ለጥሪ አይሆንም። ባለ ጉራቻው ተከተለው፤ ባለ ሐመሩም፤ ባለ ቡላውም ከተኛበት ቀና ብሎ። ከዚያ ሜዳው በሙሉ፣ እነዚያ በሆዳቸው ሲያሙ የከረሙት ሁሉ፣ በአንድ አፍ «ባለ ዳማ፣ ቅረብ!» አሉ። ዳማ ጆሮዋን አቁማ የአጎቴን ልጅ እየጎተተች ቀረበች።

አባባ ዘንጉን ቀስ ብለው አወረዱት። ነጠላቸውን ለማስተካከል ረጅም ጊዜ ወሰደባቸው። ሲጨርሱ ባለ ቦራውን ጠሩትና ዘንጉን በሁለት እጃቸው ሰጡት። «ቦራህን ወደ መጨረሻ አስኪዳት» አሉት። እጃቸውን ሲስም አልከለከሉትም።

ያንን ጥሪ አልጠገንኩትም። አፑን ስንት ጊዜ አድሼ ዲፕሎይ አድርጌዋለሁ፤ የዳማ ድምፅ ግን በየኮንቴይነሩ ውስጥ እንዳለ አብሮ ይታሰራል። ዙሩ ሞልቶ እኛ ላይ ሲደርስ አባቴ ቆይ ይላሉ፣ ሜዳው ቅረብ ይላል። በቅርቡ ሥራ የጀመረ አንድ ባለ በቅሎ ደውሎ «እህቴ፣ አፕሽ ተሳስቷል» አለኝ። አውቃለሁ፣ ተወው አልኩት።